የምክረ ሐሳቡ ረቂቅ፦ አንቀጽ 3 ይታረም

የረቂቁ አዘጋጅ፦ ስለ አውሮፕላን ማሳረፊያ መሣሪያዎች የሚናገረው አንቀጽ 3 አሁን «አይ.ኤል.ኤስ. (አውሮፕላኑን በሬዲዮ ሞገድ ወደ መንደርደሪያው የሚመራው የመሬት መሣሪያ) ተነሥቶ በሳተላይት ይተካ፤ የሳተላይቱ ሥርዓት መሬት ላይ ምንም መሣሪያ አይፈልግም» ይላል። እርማት ያላችሁ እስከ ዓርብ አስገቡ።

ከጥገና፦ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይሠረዝ፤ የጂ.ፒ.ኤስ.ን ስሕተት የሚያርሙት ሁለቱ ሥርዓቶች፣ ጂባስና ኤስባስ፣ ተምታተዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ምንም የማያስተክለው ኤስባስ ነው፤ እርማቱ ከጂኦስቴሽነሪ (ከምድር ሲታይ አንድ ቦታ ከሚቆም) ሳተላይት ይመጣል፣ ሽፋን ከሌለ ግን የለም። ጂባስ ግን እርማቱን ከማረፊያው ስለሚያሰራጭ አብዛኛውን ጊዜ አራት ማጣቀሻ ተቀባዮች፣ ማስሊያ ክፍልና የቪ.ኤች.ኤፍ. ሬዲዮ ማሰራጫ ይፈልጋል፤ የአንቴናዎቹም ቦታ በጥንቃቄ መቀየስ አለበት። ጥቅሙ አንድ ጣቢያ ለሁሉም የመንደርደሪያ ጫፎች መብቃቱ ነው። አይ.ኤል.ኤስ. በየጫፉ የራሱን ሎካላይዘር (የግራ ቀኝ መሪ) እና ግላይድ ስሎፕ (የቁልቁለት መሪ) ይጠይቃል።

ከበረራ፦ እኔ ደግሞ «ተነሥቶ» የሚለው ነው የከበደኝ። ትንሽ የጂ.ፒ.ኤስ. ጃመር (ሞገድ አፋኝ) አካባቢውን ካፈነ ጂባስም ኤስባስም አብረው ይወድቃሉ። ከ108.10 እስከ 111.95 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራው ሎካላይዘር ግን ንክች አይልም። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚታወከውና የሳተላይቱን ምልክት የሚረብሸው አዮኖስፌር (ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) አለ።

ከጥገና፦ ልክ ነው፤ አይ.ኤል.ኤስ.ም ግን ያለ ነቀፋ አይለፍ። የተለመደው ግላይድ ስሎፕ ከፊቱ ያለውን መሬት እንደ መስታወት ይጠቀማል፤ የ3 ዲግሪው መንገድ የሚሠራው ቀጥታ የሚሄደውና ከመሬት የሚነጥረው ሞገድ ሲደመሩ ነው። ስለዚህ ሣሩ ሲያድግ፣ ውሃ ሲያቁር ወይም በረዶ ሲከመር መንገዱ ይዛነፋል። አንቴናው ፊት ባለው የተከለከለ ክልል ውስጥ የቆመ የጭነት መኪና የአብራሪውን መርፌ ያወዛውዘዋል፤ አንቴናው ሥር ያለው ሞኒተር (ሞገዱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ግን «ደህና ነው» ሊል ይችላል። የሣር አጨዳና የውሃ ማፋሰሻ በጀት ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ተራ ነገር ቢመስልም በብዛት የሚረሳው እሱ ነው።

ከበረራ፦ አንድ ልጨምር። «ሳተላይት» ብቻ ካልን ቁልቁለቱ በባሮሜትር (በአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ) የሚበረረውም ይካተታል። እዚያ የአየር ግፊቱ በ10 ሄክቶፓስካል ተሳስቶ ቢሞላ አውሮፕላኑ ወደ 280 ጫማ ግድም ይዛነፋል፤ መርፌው ግን መሐል ላይ እንደተቀመጠ ነው። ቁልቁለቱን ከኤስባስ የሚወስደው «ኤል.ፒ.ቪ.» ተብሎ በስሙ ይጻፍ፤ ምቹ ሁኔታ ሲኖር እስከ 200 ጫማ ያወርዳል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦ እንግዲያው፦ «አይ.ኤል.ኤስ. በዋናው ጫፍ ይቆይ። መሪ መሣሪያ በሌላቸው ጫፎች፣ የኤስባስ ሽፋን ካለ ኤል.ፒ.ቪ. ይዘጋጅ፤ ከሌለ ጂባስ ይጠና።»

ከበረራ፦ ይሁን። ጂባስን ከማስቀደማችን በፊት ግን ተቀባዩ ያላቸው አውሮፕላኖች ይቆጠሩ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦ ቆጠራው እስኪደርስ «ጂባስ ይጠና» የሚለው በቅንፍ ይቆያል።