ከአዲስ አበባ ዲንሾ በሳይክል፦ ከሥር ምን እናንጥፍ?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለገና ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር በሳይክል ልንወጣ ነው፤ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ አድርገን፣ ዶዶላን አልፈን ዲንሾ። ድንኳኑም የመኝታ ከረጢቱም አለን። የቸገረኝ ከሥር የሚነጠፈው ነው። እኔ በጎኔ ነው የምተኛው፣ ቀጭን ነገር ላይ ካደርኩ ዳሌዬን ያመኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ነኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ኅዳር መጨረሻ ስለምትመጣ አንድ ነገር ላስመጣት እችላለሁ። ወይስ እዚሁ ስፖንጅ አስቆርጬ ልሂድ?

ሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ፣ ስፖንጁን ተወው። ስትተኛበት ጭምቅ ብሎ መሬቱ ይሰማሃል፣ ጤዛ ከነካው ውሃ ይጠጣል፣ ተጠቅልሎም ቦታ ይፈጃል። የሚያዋጣህ ውሃ የማይመጠው ጠጠር ያለ ፎም ነው። ለምሳሌ ቴርማረስት የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ዚ ላይት ሶል 410 ግራም ብቻ ነው፣ ተጣጥፎ ከኋላ መጫኛው ላይ ይታሰራል። ዋናው ነገር እሾህ ነው! ስምጥ ሸለቆ የግራር አገር ነው። ፎም ቢወጋ ምንም አይሆንም፣ የሚነፋው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ተንፍሶ መሬት ላይ ያስቀርሃል። ቀን ጥላ ስታገኝም ሳትሳሳ ዘርግተህ ጋደም ትልበታለህ።

ጎን ተኚዋ፦
የእሾሁ ነገር እውነት ነው፤ ግን በጎኑ ለሚተኛ ሰው ያ 2 ሴንቲሜትር ፎም አይበቃም። ዳሌና ትከሻ ሰመጥ የሚሉበት ይፈልጋሉ። እህትህን የሚነፋ አስመጣት፣ ውፍረቱ ከ6 ሴንቲሜትር የማያንስ። የዚያው ድርጅት ኒዮኤር ኤክስላይት ኤንኤክስቲ 7.6 ሴንቲሜትር ሆኖ 370 ግራም ነው፣ ሲጠቀለል ከውሃ ኮዳ ብዙም አይበልጥም። በአፍህ አትንፋው፣ እስትንፋስ ውስጡ እርጥበት ይተዋል፣ አብሮት የሚመጣ መንፊያ ከረጢት አለ። ደግሞ ድርቅ እስኪል አትሙላው፤ በጎንህ ተኝተህ ዳሌህ መሬት ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው አየሩን ቀስ እያልክ ቀንስለት። ምቾቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። መለጠፊያውን እንዳትረሳ። ቀዳዳውን በሳሙና ውሃ ፈልገህ፣ ቦታውን አድርቀህ ነው የምትለጥፈው።

የባሌው፦
ሁላችሁም ብርዱን ረሳችሁት። ላንጋኖ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ በዚያ ወቅት ሌሊቱ ውርጭ ነው። የመኝታ ከረጢትህ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ከሥርህ ያለው ክፍል በክብደትህ ስለሚጨፈለቅ አየር አይዝም፣ ሙቀትህን መሬቱ ይወስደዋል። ስለዚህ ስትገዛ አር ቫልዩ የሚለውን ቁጥር እይ፤ ምንጣፉ ሙቀትህ ወደ መሬት እንዳይሄድ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳይ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይበልጥ ያሞቃል። ከላይ የተጠቀሰው ፎም 2 ነው፣ የሚነፋው 4.5። ደስ የሚለው ሁለቱ ሲደራረቡ ቁጥሩ ይደመራል፣ 6.5 ይሆናል፤ ክብደታቸው አንድ ላይ 780 ግራም። ፎሙን ከሥር፣ የሚነፋውን ከላይ። ፎሙ እሾሁንም ይከላከልልሃል። በእግር ለሚጓዝ ሰው ይህን አልመክርም፣ ሳይክል ላይ ግን ችግር የለውም።

የሳሪስ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ክብደት ለመቀነስ ፎሙን ግማሹን ብቆርጠውስ?

የባሌው፦
ይቻላል። ከትከሻህ እስከ ዳሌህ የሚደርሰውን አስቀር፣ ከእግርህ ሥር ባዶ ቦርሳህንና የዝናብ ልብስህን አንጥፍ። ግን ግራር ሥር ከተኛችሁ ፎሙ ያልደረሰበትን መሬት ድንኳኑን ሳትተክሉ በፊት በእጃችሁ ዳብሱት።