የአዩርቬዳ መድኃኒት ሳይፈተን ይሸጥ?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ከህንድ ነው፤ አዩርቬዳ ስለሚባለው ጥንታዊ ባህላዊ ሕክምናቸው። እዚያ የአንድ መድኃኒት ቅመም መንግሥት በተቀበላቸው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጻሕፍት ውስጥ ከተገኘ፣ በሕመምተኞች ላይ ሳይሞከር የሽያጭ ፈቃድ ያገኛል። ልክ ነው ትላላችሁ? ስድብ አይፈቀድም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ።

ዱባይ ያለሁት፦ ልክ ነው እንጂ! አብረውኝ የሚሠሩት ህንዶች ለሆዳቸው ትሪፋላ ይወስዳሉ። የሦስት ፍሬ ዱቄት ነው። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ወስደውታል። ከዚህ በላይ ምን ፈተና አለ?

ፋርማሲስቷ፦ አለ። ወዲያው የሚያስመልስ ነገር ከሆነ ሰው ራሱ ይተወዋል። ጉበትን ቀስ እያለ የሚጎዳውን ግን ማን ከዱቄቱ ጋር ያገናኘዋል?

የታሪክ ተማሪ፦ ሰርፓጋንዳን ረሳችሁት? ህንዶች ሥሩን ለእንቅልፍ ማጣትና ለአእምሮ ሕመም ሲሰጡት ኖረዋል። በ1952 የስዊዙ ሲባ ኩባንያ ሬሰርፒንን ከዚያ ሥር ለይቶ አወጣ። የደም ግፊት መድኃኒት ሆነ። ባህሉ ባይኖር ማን ያንን ሥር ይነካው ነበር?

ፋርማሲስቷ፦ ለእኔ ነው የተከራከርክልኝ። ከሲባ በፊት በ1949 የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስቶም ቫኪል ሥሩን ለደም ግፊት ሕመምተኞች ሰጥቶ፣ ግፊታቸውን እየለካ ውጤቱን በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። የውጭ ሐኪሞች ዞር ብለው ያዩት ያኔ ነው። «መጽሐፉ ላይ አለ» ብሎ ዝም ቢል ኖሮስ?

ዱባይ ያለሁት፦ ቢሆንም ቅጠልና ሥር እንደ ኬሚካል አይጎዳም።

ፋርማሲስቷ፦ በ2004 የታተመ ጥናት አለ። ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኘ። ሁሉም በስህተት የገባ እንዳይመስልህ። ራሳ ሻስትራ የሚባለው ዘርፍ ብረታ ብረትን አውቆ ነው የሚቀምመው።

ባህር ዳር፦ እኔን የሚገርመኝ አሽዋጋንዳ ነው። እኛ ግዛዋ የምንለው ቁጥቋጦ ራሱ እኮ ነው! እዚህ ለክፉ መንፈስ ያጤሱታል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ለጭንቀት ብላ በካፕሱል ትውጠዋለች።

ፋርማሲስቷ፦ ጥሩ አመጣሽው። የድሮው አወሳሰድ የሥሩን ዱቄት በወተት ነው። ካፕሱሉ ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ የወፈረ ነው፤ መጠኑ ሌላ፣ አወሳሰዱም ሌላ። ታዲያ የትኛው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው ለእሱ ዋስ የሚሆነው? ዴንማርክ በ2023 ከምግብ ማሟያ ውስጥ አግዳዋለች። እገዳው በዝቷል የሚሉ አሉ። እኔ እንኳን ከማገድ መፈተን ይሻላል ባይ ነኝ።

የታሪክ ተማሪ፦ ፈተናውን ማን ይክፈል? ማንም ጓሮው የሚያበቅለውን ሥር በፓተንት መያዝ አይቻልም። ኩባንያ ገንዘቡን አያፈስበትም።

ፋርማሲስቷ፦ እዚህ ላይ ልክ ነህ። መንግሥት ይክፈል። ህንድ ከ2014 ጀምሮ ለዚሁ ዘርፍ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አላት።

ዱባይ ያለሁት፦ እሺ፣ ትሪፋላውን ግን ተዉልኝ።

ፋርማሲስቷ፦ ማን ነካህ? ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ብቻ ለሐኪምህ ንገረው።