ክርክር፦ በእንግሊዝኛ ዝርዝር ከ«ኤንድ» እና ከ«ኦር» በፊት ኮማ ግዴታ ይሁን?

ሰናይት (የእንግሊዝኛ መምህርት)፦
ሦስትና ከዚያ በላይ ነገሮች ሲዘረዘሩ ከመጨረሻው «ኤንድ» (እና) ወይም «ኦር» (ወይም) በፊት የሚገባው፣ ኦክስፎርድ ኮማ የሚባለው ምልክት ግዴታ ሊሆን ይገባል እላለሁ። ማስረጃዬ በአሜሪካ ሜይን ግዛት የኦክኸርስት ወተት ድርጅት ሾፌሮች ያቀረቡት ክስ ነው። የግዛቲቱ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያዝዛል፤ ነገር ግን ምግብ ማቀዝቀዝን፣ ማድረቅን፣ ማከማቸትንና መሰል ሥራዎችን ዘርዝሮ ከክፍያው ውጭ ያደርጋል። ያኔ የዝርዝሩ መጨረሻ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» የሚል ነበር፤ ከ«ኦር» በፊት ኮማ አልነበረም። ሾፌሮቹ «ሕጉ የሚለው ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ማሸግን ነው፤ እኛ እናከፋፍላለን እንጂ አናሽግም» አሉ፤ ድርጅቱ ደግሞ ማከፋፈል ለብቻው የተዘረዘረ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በ2018ም ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ኮማዋ ብትኖር ሾፌሮቹ የሚቆሙበት መሠረት ባልኖረ ነበር።

ዮናስ (አርታዒ)፦
መምህርት ሰናይት፣ ፍርዱ በኮማ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሌሎቹ ሥራዎች በሙሉ በ«ኢንግ» ሲያልቁ «ዲስትሪቢውሽን» ግን እንደ «ሺፕመንት» ስም መሆኑ ለሾፌሮቹ አግዟል። በአንጻሩ የሜይን የሕግ አረቃቅ መመሪያ ራሱ ይህችን ኮማ እንዳይጠቀሙ ይመክር ስለነበር አለመኖሯ ለድርጅቱ መከራከሪያ ሆኗል። ፍርድ ቤቱ ሐረጉ አሻሚ ነው ካለ በኋላ የደመወዝ ሕግ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል በሚለው መርህ ወሰነ። ደግሞስ ኮማዋ ራሷ አታሻማም? «ማይ ሲስተር, ኤ ነርስ, ኤንድ ማይ ሰን» (እኅቴ, ነርስ, እና ልጄ) ብለን ብንጽፍ ነርሷ እኅቴ ትሁን ሌላ ሰው አይታወቅም። የመጨረሻዋን ኮማ ብናነሣ ሦስት ሰዎች መሆናቸው ይገለጣል።

መቅደስ (የሕግ ባለሙያ)፦
ሜይን ያደረገችውን ማየት ይበጃል። የሕግ አውጪው ምክር ቤት ሥራዎቹን በሴሚኮለን (;) ለያይቶ «ዲስትሪቢውሽን»ን ወደ «ዲስትሪቢውቲንግ» ለወጠው። መፍትሔው የዐረፍተ ነገሩን አወቃቀር ማስተካከል ነበር፤ ምልክቱ የዚያ ተከታይ ነው። ስለዚህ ግዴታውን አልደግፍም።

ሰናይት፦
ወይዘሮ መቅደስ፣ ሴሚኮለኑም እኮ ከ«ኦር» በፊት ገብቷል፤ የእኔም ጥያቄ የመጨረሻው ነገር ከቀዳሚው በግልጽ ይለይ የሚል ነው። አቶ ዮናስ ያነሡት ምሳሌ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ዝርዝር እንደገና መጻፍ አለበት። በጋዜጣ ዘገባ የዜና ወኪሉን የአሶሼትድ ፕሬስን ልማድ ተከትሎ በቀላል ዝርዝር ኮማዋን የሚተውን ሰው አልነቅፍም፤ የተማሪም ማርክ በዚህ ሊቀነስ አይገባም። ደመወዝ በሚወስን ሕግና በሥራ ውል ላይ ግን ግዴታ ትሁን ማለቴን አልተውም፤ እዚያ አሻሚ ሐረግ የሚጎዳው ጠበቃ መቅጠር የማይችለውን ሠራተኛ ነውና።