ፖስትግሬስ ፓስወርዴን አልቀበል አለኝ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። በሪአክት (ገጹ)፣ በኤክስፕረስ (ሰርቨሩ) እና በፖስትግሬስ (ዳታቤዙ) የተሠራ ፕሮጀክት ላፕቶፔ ላይ በዶከር ኮምፖዝ ለማስነሳት እየታገልኩ ነው፤ ዶከር ኮምፖዝ እያንዳንዱን ፕሮግራም በየራሱ የተነጠለ ክፍል (ኮንቴይነር) ውስጥ አድርጎ አንድ ላይ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። ገጹ ፖርት 5173 ላይ ፏ ብሎ ይከፈታል። ሎግኢን ስል ግን ሰርቨሩ 500 (የሰርቨር ስህተት) ይመልሳል።

መጀመሪያ ባክኤንዱ (የኤክስፕረሱ ሰርቨር) ዳታቤዙን «ሎካልሆስት» ላይ ይፈልግ ነበር። ኮንቴይነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ያው ኮንቴይነሩ ራሱ ስለሆነ ኮምፖዝ ላይ ለዳታቤዙ በተሰጠው የሰርቪስ ስም ተካሁት። አሁን ይገናኛል፤ ፓስወርዱን ግን ልክ አይደለም ይለኛል። ኢኤንቪ ፋይሉ (ፓስወርድና መሰል ቅንብሮች የሚጻፉበት) ላይ አዲሱን ፓስወርድ አስገብቼ ሁሉንም አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ወይ ፍንክች!

የጠረጠርኩት ቮልዩሙን (ኮንቴይነሩ ቢጠፋም የዳታቤዙ ዳታ የሚቀመጥበትን ቦታ) ነው። ፖስትግሬስ የኢኤንቪውን ፓስወርድ የሚያነበው ዳታቤዙ መጀመሪያ ሲፈጠር ብቻ ነው መሰል። ቮልዩሙን እንዳልሰርዘው የሞላሁት የሙከራ ዳታ አብሮ ሊሄድብኝ ነው። ዳታው ሳይጠፋ ፓስወርዱን ብቻ መቀየር የምችልበት መንገድ ካላችሁ ተባበሩኝ። የምጠቀመው ኡቡንቱ 22.04 ነው።