ድርቅ ያለ የፑኧር ሻይ ቅጠሉ ሳይደቅ እንዴት ይፈለቀቃል?

ቻይና፣ ጓንጁ ካለ ወዳጄ የዩናን ግዛት ፑኧር ሻይ ደረሰኝ፤ 357 ግራም፣ እንደ አምባሻ ክብ ሆኖ የተጨመቀ፣ ሼንግ የሚሉት ጥሬው ዓይነት። ጀርባው ላይ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ ሲጨመቅ ቋጠሮው የሚተወው ጎድጓዳ ስለሌለው በብረት ቅርጽ የተጨመቀ ይመስለኛል፤ ጥንካሬውም ያንኑ ያሳያል።

የሻይ መውጊያ የለኝም። ወስፌ ከጠርዙ በአግድም አስገብቼ ስፈለቅቀው ቅጠሉ እየተሰበረ ግማሹ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ደግሞ ሲፈላ ቶሎ ይመርራል። (በቢላዋማ አልሞክረውም፤ ጣቶቼን እፈልጋቸዋለሁ።) እንፋሎት ላይ ያዝ ባደርገው ጠርዙ ብቻ ለስልሶ መሃሉ እንደነበረ ቀረ። ሙሉውን እንዳላርሰው፣ ለዓመታት ላስቀምጠው ስላሰብኩ ሻጋታው ያሰጋኛል።

እንዲህ ዓይነቱን ፈልቅቃችሁ የምታውቁ፣ 7 ግራም ያህል ቅጠሉን ሳልሰባብር ለማውጣት ወስፌውን ከየት በኩል፣ ምን ያህል አዘንብዬ ላስገባው?