ሱባ ጫካ ቀስ ብሎ የሚያስጎበኝ ሰው የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ አባቴ ገጠር ነው ያደገው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቲቪ ፊት ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው፣ ዛፍ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ ስለማውቅ መናገሻ ሱባ ልወስደው ፈልጌያለሁ፣ እነዛን የድሮ ጥድና ዝግባዎች፣ ጉሬዛውን ቢያይ እንዴት ደስ ባለው! ችግሩ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጫካው ያለበት የወጨጫ ተራራ ዳገት ደግሞ ቀላል አይደለም። የደወልኩላቸው አስጎብኚዎች ሁሉ ለወጣቶች ሃይኪንግ ነው የሚያዘጋጁት፣ እኔ የምፈልገው ቆም እያለ ስለ ዛፉ ስለ ወፉ የሚያጫውተው ጋይድ ነው። እዛው በር ላይ የአካባቢው ጋይድ ይገኛል? መንገዱስ ዝናብ ሲሆን ለትንሽ መኪና ይሆናል? ወይስ ፈረስ ስለሚከራይ ወንጪ ሐይቅ ይሻለዋል? ሽማግሌ ይዛችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ።