ለፎቶ ኤዲቲንግ ውዱን ሞኒተር ወይስ ተራውን? ክርክር

ጀማሪው፣ ከሐዋሳ፦ ሰላም ለቤቱ። ሰርግና ልደት አነሳለሁ፤ ኤዲት የማደርገው በላፕቶፕ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሊመጣ ስለሆነ ሞኒተር አስመጣለሁ ብያለሁ። ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ 27 ኢንች ነው፤ አዶቤ አርጂቢ የሚባለውን ሰፊ የቀለም ክልል 99 በመቶ ይሸፍናል ይላል፤ ያለኝን ብር ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል። ሌላው 24 ኢንች ተራ አይፒኤስ (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙም የማይለወጥ ስክሪን)፣ ኤስአርጂቢ የሚባለውን ጠባቡን የቀለም ክልል ብቻ የሚያሳይ። ዋጋው የመጀመሪያውን ግማሽ አይሞላም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምን ትላላችሁ?

የሰርግ አንሺው፣ ከአዲስ አበባ፦ ሳታስብ ውዱን ግዛ። ካሜራ ትቀያይራለህ፣ ሞኒተር ግን አብሮህ ይከርማል። ለሌንስ ያን ሁሉ ብር አፍስሰህ ውጤቱን በደብዛዛ ስክሪን ማየት ምን ይሉታል? ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው 45 በመቶ ኤንቲኤስሲ የሚባለው ስክሪን ኤስአርጂቢን እንኳ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው የሚያሳይህ። የቀሚሱ ቀይ ጥለት ሞቶ ይታይሃል። አንተ ሳቹሬሽን ትጨምርለታለህ። ደንበኛው ስልኩ ላይ ሲከፍተው ዓይኑን ይወጋዋል።

ስልክ ይበቃል ባዩ፦ እኔ ይሄ የሞኒተር ወሬ አይገባኝም። ደንበኛዬ ፎቶውን የሚያየው ቴሌግራም ላይ ነው፤ እሱም ጨምቆ ነው የሚልከው። አልበም የሚያሳትም ሰው እየቀነሰ ነው። 99 በመቶው ለማን ነው? በላፕቶፕህ ሥራ፣ ስልክህ ላይ ቼክ አድርግ፣ ላክ። አለቀ።

ዲዛይነሯ፦ የቱ ስልክ ላይ ነው ቼክ የሚደረገው? ያንተ ስልክ ቀለም አድማቂው ሞድ ላይ ነው እንበል። የሙሽራዋ እናት ስልክ ደግሞ ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገው ነገር በርቶበታል። በየትኛው ልትለካ ነው? ደንበኛው እንዴት እንደሚያየው ለመገመት ስልክ ጥሩ ነው፤ ኤዲት ለማድረግ ግን አይሆንም።

የሰርግ አንሺውም ቢሆን ግማሹን ነው የነገርከው። ሰፊ ቀለም ያለው ሞኒተር ቀለም የማያስተዳድር ፕሮግራም ሲገጥመው ተራውን የኤስአርጂቢ ፎቶ ለጥጦ ያሳየዋል። ፎቶሾፕና ላይትሩም ላይ ችግር የለም፤ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም የቀለሙን መግለጫ ፋይል፣ ያነባሉ። ማህደር ውስጥ ፎቶ መምረጫዋ ትንሿ ፕሮግራም ላይ ግን የሰው ፊት ቀይ ስር ይመስላል። ልጁ ደንግጦ ቀለሙን ይቀንሳል፣ ከዚያ ደንበኛው ጋ ሲደርስ ፎቶው ገርጥቶ ይገኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆን።

የላቡ ጋሼ፦ ልጆች፣ እኔ ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ። ለማሳጠብ ከሚመጣ ፋይል ጋር የሚመጣው ትልቁ ጣጣ የቀለም ስፋት አይደለም፤ ጨለማ ነው። «ኮምፒውተሬ ላይ ብሩህ ነበር፣ እናንተ አጨለማችሁት» ይሉናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ተደርጎ ነው። 250 ወይም 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ላይ ይሆናል። ወረቀት የራሱ መብራት የለውም፤ የክፍሉን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ለህትመት የሚሠራ ሰው ስክሪኑን ከ80 እስከ 120 ኒት ድረስ ያወርደዋል። በሚያበራ ስክሪን የሚሠራው ግን ፎቶው የበራ ይመስለዋል፤ ሳያውቀው ያጨልመዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥላ ያረፈበት የሙሽራው ጉንጭ ወረቀት ላይ ሲወጣ ከጥቁር ሱፉ ጋር ይቀላቀላል። ሚዜዎቹ ከኋላ ከቆሙማ ጥርሳቸው ብቻ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው ጣጣ ነጭ ነው። የሐበሻ ቀሚስ። ብዙ ሞኒተር ከፋብሪካ ሲመጣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንሺው ቀሚሱ ሰማያዊ መስሎት ቢጫ ይጨምርበታል። ወረቀት ላይ ሲወጣ ሳጥን ውስጥ የከረመ ቀሚስ ይሆናል። ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን (በጥቁርና በነጭ መሐል ያለውን ብርሃን አወጣጥ) 2.2 አድርጉት። የእኔ ማሽን የሚጠብቀው ኤስአርጂቢ ነው። አዶቤ አርጂቢ ፋይል አምጥታችሁ ማሽኑ ፕሮፋይሉን ካላነበበው ቀለሙ ይጠወልጋል። ስለዚህ ልጁ 24ቱን ይግዛ፣ የተረፈውን ካሊብሬተር፣ ማለትም የስክሪን ቀለም መለኪያ፣ ላይ ያውለው።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ላብ ትክክል ነው። ግን ኤስአርጂቢን የዓለም ዳር አናድርገው። በ1996 እንደ ፈረንጆቹ ኤችፒና ማይክሮሶፍት ሲያወጡት በዚያን ጊዜ ለነበረው ባለ ቱቦ ሞኒተር ብለው ነው። አዶቤ አርጂቢ በ1998 እንደ ፈረንጆቹ የመጣው ማተሚያ ቤት የሚያወጣቸው አንዳንድ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ ቀለሞች ኤስአርጂቢ ውስጥ ስለማይገቡ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የአበሻ ሰርግ አነሳለሁ፤ ትልልቁን ፎቶ የማወጣው በኢንክጄት ማተሚያ ነው። የጥበቡ አረንጓዴ ላይ ልዩነቱን በዓይኔ አየዋለሁ። ስልክም ቢሆን ድሮ የነበረው አይደለም። አይፎን ከ7 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ፣ ፒ3 የሚባለውን ሰፊ ቀለም ያሳያል። ደግሞ ውዱ ሞኒተር የኤስአርጂቢ ሞድ አለው፤ በአንድ ቁልፍ ትጠብበዋለህ። ጠባቡን ግን ልታሰፋው አትችልም።

ስልክ ይበቃል ባዩ፦ ሐዋሳ ኢንክጄት ላይ የጥበብ አረንጓዴ የሚያወጣ ደንበኛ ካለ አገናኙኝ 😂

ከሜሪላንድ፦ ሳቅ፣ ግን ልጁ ዕድሜ ልኩን ሐዋሳ ልደት ብቻ እንዲያነሳ ፈርደህበታል።

የሰርግ አንሺው፦ ይኸው ነው እኮ። ስፋቱን እንኳ ተዉት። ርካሽ ሞኒተር መሐሉና ጥጉ እኩል አያበራም። ጥጉ ጨለም ካለ ፎቶው ቪኜት ያለው ይመስልሃልና ታበራዋለህ። ደህናዎቹ ላይ ይሄ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ይመጣል። ኤይዞ ከለርኤጅ የሚባለው የባለሙያ ሞኒተር ከሆነማ ሲጂ የሚባሉት ውስጡ የራሱ መለኪያ አለው፤ ብቻውን ካሊብሬት ያደርጋል።

ዲዛይነሯ፦ በኤይዞው ዋጋ እኮ እሱ ሌላ ካሜራ ይገዛል! ወንድሜ፣ ስለ መጠን ደግሞ አንድ ነገር። 27 ኢንች ሆኖ 1920 በ1080 የሆነ እንዳትገዛ፤ ፒክሰሉ ይታያል፣ ሻርፕነስ ስታደርግ ያሳስትሃል። 27 ከሆነ 2560 በ1440 ይሁን። ለ24 ግን 1080 ይበቃል። ዕቃውን ቆመህ የምታየው ከሆነ ከጎንና ከታች እየው። ጎንበስ ስትል ቀለሙ ከተገለበጠ ቲኤን የሚባለው የስክሪን ዓይነት ነው፤ በነጻም ቢሰጡህ ለፎቶ አይሆንም። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ አይፒኤሶችም ክፉ አይደሉም፤ ብቻ ነጭ ገጽ ከፍተህ እየው። መብራቱ ካረጀ ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ጀማሪው፦ ካሊብሬተሩን ግን ከየት አመጣለሁ? ይሄኛው ቢጠፋ በዓይን ማስተካከል አይቻልም?

ዲዛይነሯ፦ ዓይን ይለምዳል፣ ችግሩ እሱ ነው። ቢጫ ስክሪን ፊት ትንሽ ከተቀመጥክ ነጭ ይመስልሃል። ካሊብሬተር ማለት ስክሪኑ ላይ የምታንጠለጥላት አይጥ የምታክል ዕቃ ናት። አንዷ ለብዙ ሰው ትበቃለች፣ ምክንያቱም በየቀኑ አይደለም የምትጠቀምባት። ዲስፕሌይካል የሚባል ነጻ ሶፍትዌርም አብሯት ይሠራል። ሐዋሳ ያላችሁ አንሺዎች ተዋጡና አንድ ግዙ። ብቻ የጓደኛህን ፕሮፋይል ፋይል ኮፒ አድርገህ እንዳትጭን፤ ሞዴሉ አንድ ቢሆንም የእሱ ስክሪንና የአንተ ስክሪን አንድ አይደለም።

ክፍልህንም እየው። ሮዝ ግድግዳ፣ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከኋላህ ደግሞ መስኮት ካለ ካሊብሬተሩም አያድንህም።

የሰርግ አንሺው፦ እሺ፣ ሁላችንም ካሊብሬት አደረግን እንበል። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ላቦቹስ? እኔ በተስተካከለ ስክሪን የሠራሁትን ፋይል ላብ ወስጄ ኦፕሬተሩ በራሱ ዓይን ቀለም ጨምሮበት አግኝቻለሁ። ያው ፋይል ሌላ ላብ ወስጄው ሌላ ሆኖ ወጣ። ሞኒተር ግዙ እያላችሁ ጥፋቱን ሁሉ አንሺው ላይ ነው የምትደፉት።

የላቡ ጋሼ፦ እውነት ነው፣ አልክድም። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የሙከራ ወረቀት አውጥቶ መለካት አለበት፤ ኬሚካሉ ይለዋወጣል፣ ወረቀቱም ሲቀየር እንደዚያው። የሚለካ አለ፣ የማይለካም አለ። ኦፕሬተሩ የሚነካካው ግን የአብዛኛው ሰው ፋይል ካልተነካ ስለማይወጣ ነው። መቶ የጨለመ ፋይል ሲያበራ የዋለ ልጅ የአንተን መቶ አንደኛ አይለየውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስታመጣ «አትንኩት» በለን። ማሽኑ ላይ አውቶ የሚባለው ማስተካከያ ይጠፋል፣ ፋይልህ እንዳለ ይወጣል። የመጀመሪያውን ደግሞ አንድ ትንሽ ወረቀት አሳጥበህ፣ ከስክሪንህ ጎን አድርገህ እየው፤ አልበሙን ከዚያ በኋላ እዘዝ።

ከሜሪላንድ፦ ጋሼ የወረቀቱንና የማሽኑን ፕሮፋይል ፋይል ቢሰጡትስ? ፎቶሾፕ ላይ ሶፍት ፕሩፍ ያደርገው ነበር፤ ሳያሳጥብ ስክሪኑ ላይ ወረቀቱን የሚመስለውን ያየዋል።

የላቡ ጋሼ፦ የእኔን እሰጠዋለሁ። ሁሉም ላብ ግን ይኖረዋል ብዬ አልምልም።

ስልክ ይበቃል ባዩ፦ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያ 27 ኢንች ስንት ቀን ሊቆይ ነው? ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ፣ ያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ዲዛይነሯ፦ ዛሬ የመጀመሪያውን ቁም ነገር ተናገርክ።

የሰርግ አንሺው፦ እኔ አቋሜን አልቀየርኩም። 24ቱን የገዛ ሰው ከዓመት በኋላ መልሶ 27ቱን ያስመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ጀማሪው፦ 24ቱ አይፒኤስ ሆኗል ውሳኔዬ፤ ከእሱ የሚተርፈው ለዩፒኤስና ለካሊብሬተሩ ድርሻዬ ነው። ሐዋሳ፣ ሻሸመኔ፣ ዲላ ያላችሁ አንሺዎች፣ ማን ይዋጣል? የአጎቴ ልጅ ሳይሳፈር ልንገረው።